ዝገት በመሸፈን አይድንም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የመካኒክ ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ለበዓል የሚመጥን ከፍ ያለ ነገር መስሎ አይታይ ይሆናል፤ ስለ ዝገት ነውና። ነገር ግን ከአዳራሹ በስተጀርባ በዛፍ ጥላ ሥር የቆመውን አሮጌ ፒክአፕ አይታችሁ ለምን ሳይቀባ ለበዓል እንደ ቀረበ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። አንዳንዶችም ክበቡ ሥራውን ሳይጨርስ ቀረ ብለው ታዝበውናል። ስለዚህ ምክንያቱን ከመጀመሪያው አንሥተን ልናስረዳ እንወዳለን።

መኪናው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ለብዙ ዓመታት በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ ከእርሻ፣ ዓሣም ከጫሞ ሐይቅ ዳር ሲያመላልስ ኖሯል። አርጅቶ ከቆመ በኋላ ባለቤቱ፣ የአንድ ተማሪ አባት፣ መማሪያ ይሁናችሁ ብለው ለክበባችን ሰጡን። በተረከብንበት ቀን ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነበር፤ ከዚያ ቀደም አንድ ጋራዥ አድሶና ቀብቶ ነበርና። ነገር ግን ማግኔት ወስደን በበሩ የታችኛ ክፍል ላይ ብናስጠጋው አልያዘም። የበሩ ላሜራ ብረት ነው፤ ብረትም ከሆነ ማግኔት ሊይዘው ይገባል። ቀለሙን ብንፈቀፍቀው ከሥሩ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገኘ፤ ከስቱኮውም ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል እየተነባበረ የሚረግፍ ዝገት ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶች ተረት በዓይናችን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ዝገት ምንድር ነው? ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ቀላ ያለ ቡናማ ነገር ነው። ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ካልተገኙ ብረት በሚገባ አይዝግም። ይህንንም በቀላል ሙከራ አረጋግጠናል። አራት ብርጭቆ ወስደን በየአንዳንዱ ውስጥ አዲስ ምስማር አስቀመጥን። በመጀመሪያው እርጥበት የሚመጥ ካልሲየም ክሎራይድ ጨምረን አፉን አሸግነው። በሁለተኛው ፈልቶ አየሩ የወጣለት ውሃ አድርገን ከላዩ ዘይት አፈሰስንበት። በሦስተኛው የቧንቧ ውሃ ብቻ፣ በአራተኛው ደግሞ ጨው የተጨመረበት ውሃ አደረግን። ከሳምንት በኋላ የፊተኞቹ ሁለት ምስማሮች እንደ ነበሩ ተገኙ፤ ሦስተኛው ዝጎ ነበር፤ አራተኛውም ከሦስተኛው ይልቅ ብሶበት ነበር። ይህ የሆነበት ምክንያት መዛግ በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለ ሆነ ነው። ከአንዱ የብረት ክፍል ኤሌክትሮን ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጨውም ውሃውን ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያስተላልፍ ስለሚያደርገው ሥራውን ያፋጥነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። አሉሚኒየምም ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ነገር ግን የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ለውስጡ ጋሻ ይሆነዋል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። ዝገት የተበላውን ብረት ያህል ቦታ ብቻ አይዝም፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ በስንጥቁም ውሃና አየር እየገቡ አዲሱን ብረት ይበላሉ። ስለዚህ በዝገት ላይ ቀለም መቀባት ምንም አይጠቅምም። ከሥር ያለው ዝገት እያበጠ ቀለሙን ገፍቶ ይጥለዋልና።

ዝገት ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የጋሞ ደጋ አፈር መቅላቱ በውስጡ ካለው የብረት ኦክሳይድ የተነሣ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ያን አፈር አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ከአርባ ምንጭ ከፍታ ላይ ሆኖ ሁለቱን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን የብስ የተመለከተ ሰው አባያ ከጫሞ ይልቅ ቀላ ብሎ እንደሚታይ ያውቃል። ይህም በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ከሚኖረው ደቃቅ አፈርና ከብረት ውሁድ የመጣ ነው። ብረትን ከማዕድኑ ለይተን የምናወጣው በብዙ እሳትና በብዙ ድካም ነው፤ ዝገት ማለት ደግሞ ብረቱ ወደ ቀድሞው አፈርነቱ መመለሱ ነው። እንግዲህ ዝገትን ለዘለዓለም ማጥፋት አይቻልም። የሰው ሥራ ማዘግየትና መጠበቅ ነው።

የእኛ መኪና ለምን ይህን ያህል ተበላ? አርባ ምንጭ ሞቃት ናት፤ ሙቀትም እርጥበት ካገኘ ዝገትን ያፋጥናል። ለሙዙ መደላድል የሚሆነው እርጥብ ቅጠል በካሶኒው ውስጥ ሳይነሣ ይከርማል፤ ከዓሣውም የሚንጠባጠበው ውሃ በላሜራው መጋጠሚያ ገብቶ ይቀመጣል። ወደ ጨንቻ የወጣ መኪና ደግሞ ጉምና ጭቃ ይዞ ይመለሳል። ጭቃው በፓራፋንጎው ውስጥና በሻንሲው ላይ ተለጥፎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ብረቱን አቅፎ ይይዘዋል። የበሮቹ ታች ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነዚያ በአቧራ ከተደፈኑ በሩ ውሃ የተሞላ ገንቦ ይሆናል። መኪናን የሚበላው ዝናቡ አይደለም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሳይደርቅ የሚቀረው ውሃ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በምርመራ ነው። በከተማችን ለብዙ ዘመን በባትላሜራነት የሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ በየቅዳሜው እየመጡ መሩን። ጋሼ አስቀድመው ያስተማሩን በማርቴሎ ቀስ ብሎ እየመቱ ድምፅን መስማት ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ግን እንደ ካርቶን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያም በጠረጠሩት ቦታ የካቻቢቴ ጫፍ መግፋት ነው። የዳሰስነውን ሁሉ በጠመኔ እያከበብን ዝገቱን በሦስት ክፍል መደብነው።

አንደኛው ክፍል ላይ ላዩን የያዘው ነው። ይህ እንደ ቀይ አቧራ ሆኖ ይታያል፤ ብረቱ ግን ገና ሙሉ ነው። ቦታውን በሳሙና አጥቦ፣ ቅባቱን አስለቅቆ፣ ካደረቁ በኋላ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን መፈተግ ይበቃል። ሸካራውን ወረቀት አስቀድሞ፣ ለስላሳውን አስከትሎ መጠቀም ያስፈልጋል። ስንሠራም መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርገናል፤ ከብሩሹ የምትነቀል ቀጭን ሽቦ ዓይን ታጠፋለችና።

ሁለተኛው ክፍል ብረቱን ቆፍሮ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገው ነው። ብሩሽ ከጉድጓዱ ውስጥ አይደርስም፤ ስለዚህ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መድኃኒት ያስፈልጋል። አሲዱ የቀረውን ዝገት ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ታኒን የሚባለውም ንጥረ ነገር ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ታኒን ቆዳ በሚለፋበት የዛፍ ልጣጭ ውስጥና በሻይ ውስጥ ይገኛል። የዛገ ምስማር በወፍራም ሻይ ውስጥ አስቀምጣችሁ ብታሳድሩት ሻዩ እንደ ቀለም ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ይህ የሆነው ታኒኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ውሁድ ስለ ፈጠረ ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጁ የዝገት መለወጫዎች አሉ። አሲድ ስንጠቀም ግን የጎማ ጓንት ማድረግና ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሥራት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ክፍል በስቶ ያለፈው ነው። ለዚህ ብሩሽም አሲድም አይረዳም፤ ቆርጦ መጣል ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት ከጎረቤታችን ከዶርዜ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ ሲያልቅ እጅግ ረጅም ነው። ከጊዜ በኋላ ምስጥ ሥሩን ይበላዋል። ባለቤቱ የተበላውን በጭቃ ለስኖ ደኅና ነው አይልም፤ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱም ቁመቱ እያጠረ ብዙ ዘመን ይቆማል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። እኛም በበሮቹ ታችና በካሶኒው ወለል ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቀዳዳው የእጅ መዳፍ የሚያክል ቢሆንም ጤነኛ ብረት እስክናገኝ ድረስ ዙሪያውን ቆረጥን። በዛገ ጠርዝ ላይ ብየዳ አይይዝም፤ ቢይዝም አይቆይምና። ከዚያም በካርቶን ልኩን አውጥተን በዚያው ልክ አዲስ ላሜራ ቆርጠን አበየድን።

በብየዳ ጊዜ ሁለት ነገር እንድንጠነቀቅ ተመክረናል። መጀመሪያ፣ ባትሪውን መፍታትና የነዳጁን ጋን ከመኪናው አውርዶ ማራቅ፣ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ማኖር ነው። ሁለተኛ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለመለጠፊያ አለመጠቀም ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ይህን የመለበጥ ዘዴ ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1837 በስሙ አስመዝግቦታል። ዚንክ ከብረቱ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ስለሚጠብቅ ለጣሪያ እጅግ ጥሩ ነው። በብየዳ ሲቃጠል ግን የሚወጣው ነጭ ጢስ የሚተነፍሰውን ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቦዲው ነው። ትልቁ ጭንቀታችን ግን ከሥር መጣ። የዚህ መኪና ሻንሲ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ሣጥን ነው፤ ስለዚህ ዝገቱ ከውጭ ሳይታይ ከውስጥ ይበላል። ከኋላኛው የሞላ ማንጠልጠያ አጠገብ ያለውን ስንመታው ያ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። በሻንሲው ጎን የሚሄደው የፍሬን ዘይት ቱቦም በማሰሪያው ሥር ተቆርቁሮ ሳስቶ ተገኘ።

ይህ ለምን እንዳስጨነቀን ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። መኪና ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወጣውና የሚወርደው 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር በዚያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት በኃይል ይጨመቃል። የሳሳው ቱቦ በሜዳ ላይ ያለ ችግር ሊያገለግል ይችላል፤ የሚፈነዳው ግን ብዙ ጉልበት በተጠየቀበት ሰዓት ነው፤ ይኸውም በቁልቁለት፣ በጭነት፣ ሰው በተሳፈረበት ጊዜ ማለት ነው።

ይህ የታወቀው ለበዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። በክበቡ ውስጥም ክርክር ተነሣ። ከእኛ አንዳንዶቹ፣ እንግዶች ይመጣሉና ለጊዜው ቦዲውን እንቀባው፣ ሻንሲው ከበዓሉ በኋላ ይሠራል አሉ። የተጠራቀመውም ገንዘብ ለቀለም ይበቃ ነበር። ሌሎቻችን ግን ይህን ጠየቅን፦ የተቀባ መኪና ያየ ሰው ተጠግኗል ብሎ ያምናል፤ አምኖም ቁልፉን ይጠይቃል፤ ልጁንም ያሳፍርበታል። ታዲያ ከዚያ በፊት ከቀባው ጋራዥ በምን እንለያለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልተገኘም። ስለዚህ ድምፅ ሰጥተን ገንዘቡን ለፍሬን ቱቦና ለሻንሲው ብየዳ አዋልነው። የሻንሲውን ብየዳ ራሳችን አልነካነውም፤ ክብደት የሚሸከም ብየዳ የተማሪ መለማመጃ ስላልሆነ ለባለሙያ ተሰጠ። መኪናውም በተመርማሪ ባለሙያ ታይቶ ብቁ ነው እስኪባል ከግቢ አይወጣም። ቀይ ሆኖ የምታዩት ዝገቱ አይደለም፤ ዝገቱ ከተወገደ በኋላ በዚያው ቀን የተቀባ ፀረ ዝገት ቀለም ነው። በዚያው ቀን መቀባቱም ግድ ነው፤ የተፈተገ ብረት ያለ ቀለም ካደረ በሌሊቱ እርጥበት እንደገና ይዝጋልና።

ቀለም ጥቅም የለውም ማለታችን እንዳይመስላችሁ። በፓሪስ ያለው የኤፌል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ የብረት ሥራ ነው። እስከ ዛሬ የቆመው በየሰባት ዓመቱ ገደማ ስለሚቀባ ነው። ነገር ግን እዚያ ሠራተኞቹ አስቀድመው የላላውን ቀለምና ዝገቱን ይፍቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ይቀባሉ። ቀለም በንጹሕ ብረት ላይ ልብስ ነው፤ በዝገት ላይ ግን መጋረጃ ነው።

ስለዚህ ሥራ ክብርም ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። በ1900 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ገባ፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ በእጁ የሚያድረውን ሁሉ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው ያስደንቃል፤ ብረት ሠሪውን የሚንቅ አገር መኪና ቢያስገባም ሊያኖረው አይችልምና። በእኛም በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ገበሬው ያለ እነርሱ ሥራ ማደር የማይችል ሆኖ ሳለ ብዙ ዘመን በንቀት ታይተዋል። ይህ አሳብ ፈጽሞ አልጠፋም። ልጃቸው እጁን ዘይት ነክቶት ወደ ቤት ሲገባ የሚያዝኑ ወላጆች ካሉ ይህን እንዲያስቡት በትሕትና እንለምናለን።

ደግሞም የዚህ ሙያ ጥቅም እየጨመረ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በእጃችን ያለውን ጠብቆ ማቆየት የሚችል ሰው ለአገሩም ለራሱም ይጠቅማል።

በመጨረሻ ለወላጆች የሚሆን ጥቂት ምክር እንጨምራለን። መኪና ያላችሁ፣ ከጭቃ መንገድ ስትመለሱ ላዩን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም አሳጥቡ፤ የበሩን ታችኛ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ክፈቱ፤ ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉን በፀሐይ አድርቁ። አሮጌ መኪና የምትገዙ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ በቤታችሁ ብረት አይጠፋም። መቆፈሪያችሁን ጭቃውን አራግፋችሁ ጥቂት ቅባት አስነክታችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩ። በቆርቆሯችሁ ላይ ምስማር የገባበትንና የተቆረጠውን ጠርዝ በየዓመቱ ተመልከቱ፤ ዚንኩ የተነካው እዚያ ነውና ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል።

አንድም ነገር አለ። ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመኪናው ሥር ለዝገት መከላከያ ይቀባል። እኛ ይህን ትተን በሻንሲው ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ሰም ረጭተናል። የተቃጠለ ዘይት የፍሬን ሸራ ከነካ ፍሬኑን ያሳጣል፤ ጎማ ነክ የሆነውን ሁሉ ያበላሻል፤ ወደ መሬትም ይንጠባጠባል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከአርባዎቹ ምንጮች ነው፤ የምንጠጣውም ከእነርሱ ነው። መኪና ለማዳን ብለን ምንጩን ብናበላሽ ትርፉ ምንድር ነው? ስለዚህ አሮጌውን ዘይትና የተረፈውን አሲድ በየዕቃው ለይተን አሽገን አስቀምጠናል፤ ወደ ቦይ ያፈሰስነው የለም።

ክቡራን ሆይ፤ ከስብሰባው በኋላ ወደ መኪናው ቀርባችሁ እንድትመለከቱ እንጋብዛለን። በጠመኔ ያከበብናቸው ቦታዎች ሁሉ ምን እንደ ተደረገላቸውና ምን እንደ ቀራቸው በአጠገቡ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ማግኔትና ማርቴሎም አስቀምጠናል፤ የፈለገ ሰው ራሱ መርምሮ ይፍረድ። ቀለሙን በሚመጣው ዓመት እንቀባዋለን፤ የምንቀባውም የሚሸፍነው ነገር ሳይኖር ነው።